የቴሌቪዥኑ ልጅና የጓዳው ልጅ

ከወልዲያ ተነስቶ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ለሚያልፍ መንገደኛ ሮቢት በራያ ሜዳ መካከል የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ማሽላና ጤፍ፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ መንገድ ዳር ደግሞ ከብትና ግመል የሚነዱ ሰዎች ይታያሉ። ቀና ብሎ ጣራዎቹን ያየ ግን አንድ ሌላ ነገር ይገነዘባል። በቆርቆሮው ላይ ዲሽ የተተከለበት ቤት ብዙ ነው። መብራት ባለበት ምሽት ዒሻ ተሰግዶ፣ እራት ተበልቶ ሲያበቃ የቱርኩም፣ የህንዱም፣ የኮሪያውም ሰው በዚያ ሳህን በኩል ገብቶ ከቤተሰቡ መሐል ይቀመጣል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ከእነዚህ እንግዶች መካከል ስለ አንድ ዓይነት ሰው ልናወጋችሁ ወደድን። ይህ ሰው ሲያናግሩት ዓይን ለዓይን አያይም። ነገርን እንደተነገረው ይወስዳል እንጂ ሰምና ወርቅ አይገባውም። ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይይዛል። ዕቃ ከለመደበት ቦታ ሲነሳ ይረበሻል። የሚወደውን ነገር ካነሱለት ግን ሳይደክም ያወራል። አንድ ጊዜ ወጣት ሐኪም፣ ሌላ ጊዜ ጠበቃ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሀገር ሀገር የሚዞር መንገደኛ ሆኖ ይመጣል። ቤተሰቡ ይወደዋል፤ ሲበደል ያዝንለታል፤ ሲሳካለት ደስ ይለዋል። ይህ ሰው ኦቲዝም ያለበት ሰው ነው፤ ወይም ደራሲዎቹ ስሙን ሳይጠሩ ባሕርዩን ያለበሱት ነው።

እስኪ አሁን ከመስኮቱ ዞር ብለን የራሳችንን ቤት እንመልከት። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ያለበት ቤት በየመንደሩ አለ። ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ሦስትና አራት ዓመት አልፎት አፉን አልፈታም፤ ወይም የተናገሩትን መልሶ ይናገራል እንጂ የራሱን አይጠይቅም። ሠርግ አይወሰድም። ለዒድ አዲስ ልብስ ቢገዛለትም እስከ መስገጃው ሜዳ አይደርስም። ልጆቿ ስንት እንደሆኑ ስትጠየቅ እሱን ሳትቆጥር የምታልፍ እናትም አለች፤ ስለማትወደው አይደለም፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ ስለምትፈራ ነው። እንግዲህ ለቴሌቪዥኑ ልጅ የሚፈሰው እንባ ለጓዳው ልጅ ለምን ይነጥፋል? የጽሑፋችን መነሻ ይህ ጥያቄ ነው።

ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚታይና ከሰውየው ጋር ዕድሜ ልክ የሚኖር ሁኔታ ነው። እንደ ጉንፋን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። መልክ ላይ አይታይም፤ ብዙዎቹ ልጆች ሲያዩአቸው እንደማንኛውም ልጅ ናቸው። ሁለት ዋና ዋና ምልክቶች አሉት። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ ያለ ልዩነት ነው፤ ንግግር መዘግየት፣ በጣት አለማመልከት፣ የሰውን ፊት አለማንበብ የመሳሰለው። ሁለተኛው አንድን ነገር መደጋገምና ከተለመደው ሥርዓት አለመውጣት ነው፤ ጠጠር መደርደር፣ እጅ ማርገብገብ፣ በአንድ መንገድ ብቻ መሄድ፣ ድምፅን ወይም ንክኪን አለመቻል ከዚህ ይመደባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2021ን መረጃ ይዞ እንዳስቀመጠው በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ኦቲዝም አለበት። ይህ ማለት ብዙ ልጆች በሚማሩበት በማንኛውም ትምህርት ቤትም ሆነ መድረሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ አለ፤ ወይም ሊኖር ሲገባው ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

ሁኔታው የፈረንጅ ፈጠራ ወይም የዚህ ዘመን አመጣሽ የሚመስለው ሰው አለ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አዲስ የሆነው ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባለች የሶቪየት ሐኪም እንዲህ ያለ ባሕርይ ያላቸውን ልጆች ጠባይ ጽፋ አሳትማለች። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች ያወጣው ጽሑፍ ስሙን በዓለም አስተዋወቀው። ልጆቹ ግን ከሐኪሞቹ በፊትም ነበሩ፤ በእኛም መንደር «ዝምተኛው»፣ «ንክ»፣ «የተለከፈው» እየተባሉ ኖረዋል።

ሐኪሞች ዛሬ ኦቲዝምን አንድ ወጥ ነገር አድርገው አያዩትም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቀድሞ በተለያየ ስም ይጠሩ የነበሩትን ሁሉ በአንድ ስም ሥር ሰብስቦ ደረጃውና መልኩ ብዙ እንደሆነ አስቀምጧል። ለራያ ገበሬ ይህንን ማስረዳት ቀላል ነው። ደጋሊትም ማሽላ ነው፤ ጅጉርቲም ማሽላ ነው፤ ቁመታቸው፣ ዘለላቸውና የሚደርሱበት ጊዜ ግን አንድ አይደለም። አንዱን አይቶ ሌላውን አውቃለሁ የሚል ገበሬ የለም።

በመስኮቱ የገቡት እንግዶች

ወደ ቴሌቪዥኑ እንመለስ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ለዓለም ሕዝብ ያስለመደው የሐኪሞች መጽሐፍ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ሬይን ማን» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ደስቲን ሆፍማን የተጫወተው ሬይመንድ የሚባል ሰው በተቋም ውስጥ የሚኖር፣ የቀን ሥርዓቱ ሲዛነፍ የሚጨነቅ፣ ቁጥር በማስላትና በማስታወስ ግን ሰውን የሚያስደንቅ ነው። ፊልሙ በቀጣዩ ዓመት የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ አራት የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ። ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ኪም ፒክ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ያነበባቸውን በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በቃሉ የሚይዝ ሰው ነበር። የሚገርመው ኪም ፒክ ራሱ ኦቲስቲክ እንዳልነበረ በኋላ መታወቁ ነው። ይሁንና ዓለም ኦቲስቲክ ሰውን በእሱ መልክ ሣለው፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ አልደበዘዘም።

ለሙስሊም ተመልካች ቅርብ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ማይ ኔም ኢዝ ካን» የተባለው የህንድ ፊልም ነው። ሻህሩክ ካን የተጫወተው ሪዝዋን ካን ኦቲዝም ያለበት ሙስሊም ነው። ቢጫ ቀለም ያስፈራዋል፤ አዲስ ቦታ ያስጨንቀዋል፤ የተበላሸ ዕቃ መጠገን ይችልበታል። እናቱ ሰው በሃይማኖቱ ሳይሆን በደግነቱና በክፋቱ እንደሚለይ በልጅነቱ አስተምራዋለች፤ እሱም የተማረውን ቃል በቃል ይዞ ያድጋል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 በኋላ በአሜሪካ ሙስሊሞች ላይ የመጣው ጥርጣሬ እሱንም ያገኘዋል። ፊልሙ ውስጥ በሸሪዓ ሚዛን የማንቀበላቸው ነገሮች አሉ፤ ይህንን ማንም ወላጅ አይስተውም። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር አለው። ሪዝዋን ሶላቱን በሰው ፊት፣ ባገኘው ቦታ፣ ሳያፍር ይሰግዳል። ሌላው ሰው «ምን ይሉኛል» ብሎ የሚሸሽገውን እሱ መሸሸግ አያውቅበትም።

ከዚያ ወዲህ የሐኪሙ ታሪክ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ ኮሪያ «ጉድ ዶክተር» በሚል የተሠራው ተከታታይ ድራማ ኦቲዝም ስላለበት ወጣት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሚተርክ ነው። አሜሪካኖች ወስደው እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2024 ሰባት ክፍለ ጊዜ አሳዩት። ጃፓኖችም ሠሩት። ቱርኮች «ሙጂዜ ዶክቶር» ብለው ዶክተር ዓሊ ቬፋ በሚባል ገጸ ባሕርይ ከ2019 እስከ 2021 አቀረቡት። አራት ሀገር አንድን ታሪክ መቀባበሉ ሰው ምን ያህል እንደወደደው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኮሪያኖች ዉ ዮንግ ዉ የምትባል ኦቲዝም ያለባትን ጠበቃ ታሪክ በ16 ክፍል ይዘው ቀረቡ። ስለ ዓሣ ነባሪ ማውራት የማይሰለቻት ይህች ልጅ ሴት በመሆኗ ብቻ ጠቃሚ ነገር አደረገች፤ ምክንያቱም ሴቶች ልጆች ዝም ሲሉ «ጨዋ ናት» እየተባለ ሳይታወቅላቸው የሚቀሩት ብዙ ናቸው። በዚያው ድራማ አንድ ቃል ለመናገር የሚቸገር፣ ሲጨነቅ ራሱን የሚመታ ወጣትም ይቀርባል። ስሙ የእሷና የእሱ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን ለየቅል ነው።

ለልጆች የቀረበችውም አለች። «ሰሰሚ ስትሪት» በተባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2017 ጁሊያ የምትባል የአራት ዓመት አሻንጉሊት በቴሌቪዥን ታየች። ትልቁ ወፍ ሰላም ሲላት አትመልስለትም፤ የጠላችው ይመስለዋል። ጓደኞቹ ግን ጁሊያ ጊዜ እንደሚያስፈልጋት፣ የመኪና ጩኸት እንደሚያስጨንቃት ያስረዱታል። አሻንጉሊቷን የምታንቀሳቅሰው ሴት ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ናት።

በሌላ በኩል ስም ያልተሰጣቸው አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2019 በታየው የአሜሪካ የኮሜዲ ድራማ ውስጥ ያለው ሼልደን የተባለ ሳይንቲስት መቀመጫውን ለማንም አይለቅም፤ በር ሲያንኳኳ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ነው። ተመልካች «ኦቲስቲክ ነው» ሲል ደራሲዎቹ እንዲያ ብለው እንዳልጻፉት ተናግረዋል። በእኛ ሀገር ትንሽ ትልቁ የሚያውቀውን ሚስተር ቢንንም በዚህ ዓይን የሚያዩት አሉ። በእነዚህ ላይ መፍረድ ለማንም አይጠቅምም፤ የሌለ ሰው አይመረመርም። ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር ነው። ስም ሲሰጠው የምናዝንለትን ጠባይ ስም ሳይሰጠው ስንስቅበት እናመሻለን።

ሊቅ ወይስ ወሊይ?

እነዚህ ታሪኮች ያመጡት ጥቅም አለ። አንዲት እናት ልጇን በድራማው ውስጥ ባለው ልጅ ዓይነት ጠባይ ስታየው «የእኔም እንዲህ ነው» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። ጥያቄ ደግሞ የመፍትሔ ግማሽ ነው። ነገር ግን የቴሌቪዥኑ ልጅ አንድ ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ አዋቂ ነው፤ ይናገራል፤ ከሁሉም በላይ ሊቅ ነው። ሐኪሞች ያቃታቸውን በሽታ በአንድ እይታ ያውቀዋል። ሆስፒታሉም የሚታገሠው ስለዚህ ነው። በታሪኩ ሥር ያለው መልእክት ይህ ከሆነ አደገኛ ነው። ሊቅ ባይሆንስ ማን ይታገሠው ነበር?

ከኦቲስቲክ ሰዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ አስደናቂ ችሎታ የላቸውም። አንዳንዶቹ ጎበዝ፣ አንዳንዶቹ መካከለኛ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ልብሳቸውን ለመልበስ እንኳ ረዳት የሚሹ ናቸው። ድራማውን ያየ አባት ልጁን ይዞ «ይሄ የተደበቀ ሊቅ ነው» ብሎ ሲጠብቅ ቆይቶ ሊቅነቱ ሲዘገይ ከበፊቱ የባሰ ቢከፋው አያስገርምም።

የእኛ ወሎ ደግሞ የራሱ ድራማ አለው። ሰዎች ዝም የሚለውን፣ ለብቻው የሚዞረውን፣ ያልተጠበቀ ነገር የሚናገረውን ልጅ «መጅዙብ ነው»፣ «ወሊይ ሊሆን ይችላል» ይላሉ። ቁርኣን ሰምቶ በአንድ ሁለት ጊዜ ቃሉን መድገም የቻለ እንደሆነማ ሰው ይሰበሰባል፤ ዱዓ አድርግልን ይባላል። የሰሙትን እንዳለ መድገም ከኦቲዝም ባሕርያት አንዱ መሆኑን የሚነግራቸው የለም። ልጁ ከንግግር የሚፈልገው ውሃ ጠማኝ፣ ሆዴን አመመኝ ማለት መቻልን ነው። ይህን ሳያስተምሩት ሱራ እያስደገሙ ለእንግዳ ማሳየት ለቁርኣንም ለልጁም ክብር አይሆንም። በሌላው ጫፍ «ጂን አለበት» የሚለው አለ። ሊቅ፣ ወሊይ፣ ጂን የያዘው፤ ሦስቱም ስሞች ልጁን ሸፍነው ሌላ ነገር እንድናይ ያደርጉናል።

ጥፋተኛ ፍለጋ

ለምን ሆነ? የሚለው ጥያቄ በሰው ልብ ውስጥ አያርፍም። መልስ ሲጠፋ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈለጋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የምትደረገው እናት ናት። ይህ የእኛ መንደር ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ብሩኖ ቤተልሃይምን የመሰሉ የተከበሩ ምሁራን ኦቲዝም የሚመጣው ፍቅር ከነፈገች «ቀዝቃዛ እናት» ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ስንት እናት በዚህ ተሰብራ ቀርታለች! ይህንን የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን እሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩ የአእምሮ አፈጣጠር እንጂ የእናት ጥፋት እንዳልሆነ ተከራከረ።

ከዚያም ክትባት ተከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር ያያያዘ ጽሑፍ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። መጽሔቱ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘው፤ ሐኪሙም በዚያው ዓመት ከሥራ ፈቃዱ ተሰረዘ። በብዙ ሀገር የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ክትባት ኦቲዝምን እንደማያመጣ አረጋግጠዋል። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል። ስለዚህ በዚህ ወሬ ልጁን ከክትባት የሚያስቀር ወላጅ የሌለ ጠላት ሸሽቶ ካለ ጠላት እጅ ይወድቃል።

ሳይንቲስቶች ዛሬ የሚሉት ኦቲዝም አንድ ምክንያት ብቻ እንደሌለው፣ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። እርግማን አይደለም፤ ቡዳ አይደለም፤ በእርግዝና ወራት የታየ ጥላ አይደለም።

ሐፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ የኢትዮጵያ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ይህ ጥናት በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቋል። ከእነዚህ ውስጥ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። ከአራቱ አንድ የሚበልጡት ደግሞ ነገሩን ከሰው ለመደበቅ ይጥራሉ። እነዚህ ቢያንስ ልጃቸውን ይዘው ክሊኒክ የደረሱ ናቸው። ያልደረሱትን አንባቢ ያስባቸው።

ከአዲስ አበባ የተለኮሰ ፋና

በሀገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር የጀመሩት እናቶች ናቸው። ከእነዚህ ቀዳሚዋ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከውጭ ሀገር ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ይሠሩ የነበሩት እኚህ ሴት ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ የሚያስተምርላቸው ትምህርት ቤት አጡ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በቴሌቪዥን ቀርበው ልጄ ኦቲዝም አለበት ብለው በተናገሩ ጊዜ ልጃቸውን ደብቀው የነበሩ ወላጆች ወደ እሳቸው መምጣት ጀመሩ። ፊደልን በድምፅ የማስተማር የራሳቸውን ዘዴ «አቡጊዳ» ብለው አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም ተለዩ፤ የጀመሩት ሥራ ግን አልቆመም። ነህምያ የተባለው ሌላው የአዲስ አበባ ማዕከልም እንዲሁ በወላጅ ጥረት የተቋቋመ ነው።

የሙስሊሙ ዓለምም ድርሻ አለው። በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24፣ የሚታሰበው የዓለም የኦቲዝም ቀን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ሐሳቡን ያቀረበችው ቀጠር ናት።

ይሁንና ከሮቢት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማሽላ አጭዶ የሚያድር ገበሬ ልጁን ይዞ በየሳምንቱ አይመላለስም። ስለዚህ ማዕከል እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ መልስ አይሆንም፤ ባለን ነገር መጀመር አለብን። ያለን ነገር ደግሞ ከምናስበው ይበልጣል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንዴት ነበሩ?

በመጀመሪያ ያለን ዲናችን ነው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳወሩት አእምሮዋ ላይ አንድ ነገር የነበረባት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ጉዳይ አለኝ አለቻቸው። እሳቸው በአክብሮት ጠርተዋት የፈለገችውን መንገድ እንድትመርጥ ነገሯት፤ ከዚያም ጉዳይዋን እስክትጨርስ ከእሷ ጋር ቆሙ። የመዲና መሪ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ ሥራ የሞላባቸው ሰው! ሰዎች ምን ይላሉ አላሉም፤ ወደ ጓዳ አስገቧትም አላሉም። በሚታይ መንገድ ላይ ቆመው አደመጧት።

ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር በመጡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቁረይሽ ታላላቆች ጋር ነበሩ። ፊታቸውን ወደ ታላላቆቹ በመለሱ ጊዜ አላህ (ሱ.ወ) ሱረቱ ዐበሰን አወረደ። ሊማር የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከባለ ክብሩ እንግዳ እንደሚቀድም እስከ ቂያማ ድረስ የሚነበብ ትምህርት ሆነ። እኚያ ሰው በኋላ የመስጊዱ ሙአዚን ሆኑ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና ሲወጡ በቦታቸው ይተኳቸው ነበር። ሱረቱል ሑጁራትም በሰው ላይ መሳለቅንና መጥፎ ቅጽል ስም ማውጣትን ከልክላለች። «ንክ» እና «ዱዳ» የሚሉት ስሞቻችን ከዚህ ክልከላ አያመልጡም።

ሩቅያስ? የሚል ጠያቂ ይኖራል። በቁርኣንና በተረጋገጠ ዱዓ ሩቅያ ማድረግ የተፈቀደ ነው፤ ለጤናማም ለታማሚም በረካ ነው። ጂን ይውጣ ብሎ ልጅን መምታት፣ ማሰር፣ ጭስ ማጠን፣ ማስራብ ግን ሩቅያ አይደለም፤ በደል ነው። ሕክምና መፈለግም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙት ነው።

መድረሳችን ምን አላት?

ሁለተኛው ያለን ነገር የቂርዓት ሥርዓታችን ነው። በሁለቱም ቤት፣ በመድረሳም በመንግሥት ትምህርት ቤትም፣ ተምሮ ያስተማረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ መምህር በተጨናነቀ ክፍል ለሁሉም አንድ ትምህርት በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ደወል ሲደወል ሁሉም ወደ ቀጣዩ ያልፋል። በጥንቱ ቂርዓት ግን ደረሳው ሉሑን ይዞ ለብቻው ከሸኹ ፊት ይቀመጣል። ያጠናውን ያሰማል፤ ካላወቀው ነገም ያንኑ ያሰማል። አንዱ ጁዝእ ዐምማን በስድስት ወር ይጨርሳል፤ ሌላው ሁለት ዓመት ይፈጅበታል፤ ማንም «ወደቀ» አይለውም። ለእያንዳንዱ በአቅሙ መስጠት፣ ያንኑ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ መደጋገም፣ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በዓይንና በእጅ ማስተማር፤ ለኦቲስቲክ ልጆች ይጠቅማሉ የሚባሉት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ሸኾቻችን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ይዘውታል።

አምስቱ ሶላቶችም ቀኑን ከፋፍለው ለልጁ የሚጠብቀው ሥርዓት ይሰጡታል። ውዱእ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ፣ በውሃ የሚሠራ፣ በማየት የሚለመድ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። የድምፅ ማጉያው ጩኸት፣ የጁሙዓው ግፊያ፣ የሰው ትከሻ መነካካት ለእንዲህ ያለ ልጅ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሰው ባልበዛበት ሰዓት መስጊዱን ማስለመድ፣ በር አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሲጨነቅ ይዞ መውጣት ይቻላል። ከሰጋጆች የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ አለመገላመጥ።

ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ የሚፈልገውን በጣቱ ካላመለከተ፣ ይናገር የነበረውን ቃል ከተወ፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ብላችሁ አትጠብቁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ስትሄዱ በመጀመሪያ ጆሮው እንዲመረመር ጠይቁ፤ መስማት የማይችል ልጅ ብዙ ጊዜ ኦቲዝም እንዳለበት ይታሰባልና። ኦቲዝምን የሚያድን ክኒን የለም፤ አለ ብሎ ገንዘባችሁን የሚጠይቅ ሰው ካለ ሽሹት። የሚረዳው በትዕግሥት ማስተማር ነው። ቃል ከሌለው በሥዕል ወይም ዕቃውን በማሳየት እንዲጠይቅ አድርጉት። አጭር ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ነገ ሌላ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ዛሬ ንገሩት።

ልጅን ከምሰሶ ጋር የሚያስር ወላጅ ሁሉ ጨካኝ አይደለም። አስፋልቱ ቅርብ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ሰው አይለይም፤ እናትም አባትም ማሳ ይውላሉ። ስለዚህ መፍትሔው የአንድ ቤት ሊሆን አይችልም። ጎረቤት ልጁን በስሙና በመልኩ ካወቀው፣ ብቻውን ሲያየው እጁን ይዞ የሚመልሰው ከሆነ፣ ገመዱ አያስፈልግም። ልጁ ከጓዳ ካልወጣ ግን ጎረቤት አያውቀውም፤ ካላወቀው አይጠብቀውም። መደበቁ ራሱ አደጋውን ያበዛዋል።

ሥራም ስጡት። ማማ ላይ ወጥቶ ከማሽላው ወፍ ማባረር፣ ጠቦት ማሰማራት፣ እህል መልቀም፣ ውሃ መቅዳት፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት የሚደረግ ሥራ ለብዙዎቹ ይስማማቸዋል። ሊቅ አይሆንም ይሆናል፤ ለቤቱ የሚጠቅም፣ የሚቆጠር ሰው ግን ይሆናል።

ኢማሞችና ኡስታዞች አንድ ኹጥባ በዚህ ላይ ቢያደርጉ በብዙ ቤት በር ይከፈታል። ለሙስሊም የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንና ለድራማ ጸሐፊዎቻችን ደግሞ አንድ ጥያቄ አለን። የኮሪያውን ሐኪም አይተናል። እስኪ የራያውን ልጅ አሳዩን፤ ሊቅ ያልሆነ፣ ተአምር የማይሠራ፣ ለዒድ ከወንድሞቹ ጋር አዲስ ልብሱን ለብሶ ሜዳ የሚወጣ፣ ሰው የማይገላምጠው ልጅ።

ወጣቶች ደግሞ ይህንን ያዙ። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ በቴሌቪዥን ስታዩ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩበት። «በሠፈራችን እንዲህ ያለ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያም ተነሥታችሁ ሂዱና እናቱን ሰላም በሏት፤ ስለ ልጇም በስሙ ጠይቋት። እሱ ሰላምታችሁን ላይመልስ ይችላል። እሷ ግን ልጇ እንደተቆጠረ ታውቃለች።

ወላሁ አዕለም።